ቅናቴና የፀጉር አስተካካዩ ሰሌዳ

ለውድ እህቴ ለእትዬ፤

እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፤ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልሽን እንቅስቃሴ መሥራት ጀመርሽ? እማዬስ ደህና ናት? አዲሱን መነጽሯን ታደርገዋለች ወይስ «እንግዳ ሲመጣ» ብላ ከነካርቶኑ አስቀምጣዋለች? የአባዬ ሳልስ ለቀቀው? ባልሽስ፣ ልጆቹስ፣ ታችኛው ቤት ያሉት አክስታችንስ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። በልቼ አድራለሁ፣ ተኝቼ እነሳለሁ፣ ጤናዬ ደህና ነው።

ባለፈው በስልክ «ድምፅሽ ምን ሆኗል? አንቺ ደህና ነኝ የምትይው ደህና ያልሆንሽ ዕለት ነው» ብለሽኝ ነበር። ጉንፋን ነው ብዬ ዋሸሁሽ። እውነቱን እንዳልነግርሽ እማዬ አጠገብሽ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ነገሩን ሳትሰማ ልቅሶውን እንደምትጀምረው ታውቂያለሽ። ዛሬ የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ቁጭ ብያለሁ። ደብዳቤውን ለብቻሽ አንብቢው፤ ለሌሎቹ ሰላምታውን ብቻ አድርሺልኝ።

እትዬ፣ ቀናሁ። እንዲህ ቀንቼ አላውቅም። ልጆች ሳለን ላንቺ የተገዛልሽን ቀይ ጃንጥላ ሰብሬ «ነፋስ ነው» ያልኩትን ታስታውሻለሽ፤ ያኔም አውቀሽ ዝም አልሽኝ። የአሁኑ ግን ጃንጥላ አይደለም። የሰው አፍ ነው የዘጋሁት።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ስትሮክ መቷቸው አንደበታቸው የተያዘ ሰዎችን፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ መናገር የቸገራቸውን ነው የማክመው። እዚህ ማገገሚያ ማዕከል አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ። ከሦስት ወር በፊት አለቃችን ሰበሰበንና ከየክሊኒኩ የሚመጡ የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ለስምንት ሳምንት እዚህ ሊሠለጥኑ ነው አለን። ሥልጠናው መናገር ላቃተው ሰው ሌላ መንገድ ስለ መክፈት ነው፤ በሥዕልና በቃል ሰሌዳ፣ በእጅ ምልክት፣ ሲነኩት ድምፅ አውጥቶ በሚናገር ታብሌት። አንዳንዱን ሰው አንደበቱ እስኪፈታ ያግዘዋል፤ ለአንዳንዱ ደግሞ ዕድሜ ልኩን አፍ ይሆነዋል።

አሠልጣኟ እኔ እንደምሆን አልተጠራጠርኩም ነበር። ማንስ ሊሆን? ወሬውን አስቀድሜ ስለሰማሁ የዚያን ቀን ግራጫ ኮቴን ተኩሼ ለብሼ ነበር። አለቃችን ወረቀቱን ገለጠና ከመጣች ሁለት ዓመት ያልሞላትን ልጅ ጠራ። እኔ ሥራ ስጀምር እሷ ገና ተማሪ ነበረች። የመጣች ዕለት የመሳቢያዋን ቁልፍ የሰጠኋት፣ ሻይ የት እንደሚፈላ ያሳየኋት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ከሠልጣኞቹ ተራ አሥራ ሁለተኛዋ ሆኜ ተመዘገብኩ። ሁሉም አጨበጨበ፤ ከሁሉ በኋላ እጁን ያሳረፈ ማን ይመስልሻል? እኔው! 

ሥልጠናው ተጀመረ። ልጅቷን ወዲያው «ባለ አስሯ» ብለው ሰየሟት፤ ምክንያቱም ንግግሯ ሁሉ የሚያልቀው «እስከ አስር ቁጠሩ» በማለት ነው። ጠይቃችሁ ዝም በሉ፣ በልባችሁ እስከ አስር ቁጠሩ፣ ለሰውየው ጊዜ ስጡት ትላለች። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ሰሌዳ ሰጠችንና እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አንድም ቃል ከአፋችን እንዳይወጣ ከለከለችን። እኔን ያጣመረችኝ ከሩቅ ክሊኒክ ከመጡ ሽበታም ባለሙያ ጋር ነው። መስኮቱ ተከፍቶ ብርዱ ጀርባዬን ይልጠኛል፤ ሰሌዳዬ ላይ ግን ያለው ውሃ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤት፣ ሕመም ብቻ ነው። «ሕመም» ብዬ ጠቆምኩና መስኮቱን አሳየሁ። ሽበታሙ አሰቡ፣ አሰቡና ክንዴን ይዘው እንደ ሙሽራ ቀስ አድርገው ሽንት ቤት በር ላይ አደረሱኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ባለ አስሯ ግን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ «አያችሁ? ለታማሚዎቻችን የምንሰጠው ሰሌዳ ይህ ነው። ውሃና ሽንት ቤት ብቻ የተሰጠው ሰው እስረኛ ነው። መቃወሚያ ስጡት፤ መቀለጃ ስጡት፤ ሲያሰኘው መሳደቢያም ስጡት» አለች።

ጎበዝ ናት፣ እትዬ። ያቃጠለኝ እሱ ነው። ደካማ ብትሆን፣ ወይም ትዕቢተኛ ብትሆን፣ እያማሁ እፎይ እል ነበር። ጥፋት ስፈልግባት እውላለሁ፣ ማታ ስገባ ግን ሳላስበው ያለችውን በማስታወሻዬ እጽፈዋለሁ።

አሁን ወደ ፀጉር አስተካካዩ ልውሰድሽ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት አንድ ወንበርና አንድ ትልቅ መስታወት ያላት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ሠፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው በመቀሳቸው ሳይሆን በጨዋታቸው ነበር፤ ደንበኛው ፀጉሩ ካለቀ በኋላ እንኳ ወሬው እስኪያልቅ ይቀመጥ ነበር አሉ። ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸውም አንደበታቸውም አብረው ሄዱ። ነገሩ ሁሉ ይገባቸዋል፤ ከአፋቸው የሚወጣው ግን አንዲት ቃል ብቻ ናት፦ «እንትን»። ሲቆጡ «እንትን!»፣ ሲጠይቁ «እንትን?»፣ ሲሰናበቱኝም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው «እንትን»። አምስት ወር ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን ከፊቴ አስቀምጬ ድምፅ ሳስወጣቸው፣ ከንፈሬን ሳሳያቸው፣ ሥዕል እያሳየሁ ስም ሳስጠራቸው ከረምኩ። ከ«እንትን» ፈቀቅ አላልንም።

በሦስተኛው ሳምንት እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ታማሚ እንዲያመጣ ታዘዘ። እሳቸውን ከነባለቤታቸው ይዤ ገባሁ። ባለ አስሯ ወንበሯን ከአጠገባቸው ስባ ሰላሳ ያህል ሥዕልና ቃል ያለበትን፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ሰሌዳ ጉልበታቸው ላይ አኖረች። «ይህን አሳዩኝ፣ ያን አሳዩኝ» ብላ አልፈተነቻቸውም። እሷው ስታወራ ቃሉን በጣቷ ትነካለች፦ «እኔ» ትነካለች፣ «ዛሬ» ትነካለች፣ «ደክሞኛል» ትነካለች። ቀጥላ «እርስዎስ?» አለችና ዝም አለች።  እኔ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ፤ ባይሳካላት ብዬ እንደቆጠርኩ አልደብቅሽም። ሰባት ላይ ስደርስ ግራ እጃቸው ተነሳ። በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ፣ ከዚያ ሰሌዳው ላይ «ማውራት» የሚለውን ነኩ፣ ከዚያ «ብዙ»።

አዎን፣ ብዙ ታወራለች ማለታቸው ነው! ከአምስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ነገራቸው ስለ እኔ የተቀለደ ቀልድ ሆነ። ቤቱ ተናጋ። ሰውየው ራሳቸው ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ፤ ባለቤታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔም ሳቅሁ፤ በልቤ ግን የአምስት ወር ልፋቴን በሩብ ሰዓት ወሰደችብኝ አልኩ። ሰውየው አፍ በማግኘታቸው ደስ ሊለኝ ሲገባ የማን እጅ እንዳስገኘላቸው ብቻ ነበር የታየኝ።

ስንወጣ ባለቤታቸው ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ። ሰሌዳውን በሁለት እጃቸው ታቅፈውታል። «ዶክተር» አሉኝ፤ ዶክተር አለመሆኔን ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ «ዶክተር፣ በዚህ መጠቆም ከለመደ ምላሱ አይሰንፍም? መናገሩን ጨርሶ አይተወውም? ልጅቷ ደግ ናት፤ እሱን የሚያውቁት ግን እርስዎ ነዎት። እርስዎ የሚሉኝን ነው የማምነው።»

መልሱን አውቀዋለሁ፣ እትዬ። ሰሌዳ ምላስ አያሰንፍም፤ እንዲያውም ጭንቀቱን አውርዶ ብዙ ጊዜ ንግግሩንም ያግዘዋል። ገና ስማር ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። «አይሰንፍም፣ ይውሰዱት» ብል ያልቅ ነበር። እኔ ግን ኮቴን አስተካክዬ «እሱን እንግዲህ እሷን ይጠይቋት። እኔ በበኩሌ ብሆን እጠነቀቅ ነበር» አልኳቸው። ይችው ናት። ውሸት እንኳ አትመስልም፤ ተጠንቅቄ የመረጥኳት ውሸት ናት። ሴትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሰሌዳውን አግዳሚው ወንበር ላይ አኖሩ፣ ባላቸውን ደግፈው ሄዱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሮጬ ልመልሳት እችል ነበር፣ አልሮጥኩም። ሰሌዳውን አንስቼ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ከዚያ ወዲያ አልመጡም። ከእኔም ሕክምና ቀሩ። ባለ አስሯ ባየችኝ ቁጥር «ፀጉር አስተካካዩስ?» ትለኛለች። እኔም «ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል» እላለሁ፤ መናገር የማይችል፣ እጁ የማይታዘዝ ሰው ምን ሥራ ይበዛበታል! በቀሩ በሁለተኛው ሳምንት ሠልጣኞቹ ሁሉ ባሉበት ቆማ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰውየውን በብዙ ሰው ፊት አስቀምጬ መሳቂያ አደረግኋቸው፤ ተቀይመውኝ ነው የቀሩት። እናንተ ይህን ስህተት አትድገሙ» አለች። ድምፅዋ ተቆራረጠ። ደስ አለኝ። ከአንቺ ምን እደብቃለሁ፤ ወንበሬ ላይ ደገፍ ብዬ ውስጥ ውስጡን ደስ አለኝ። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ? የእኔው ዝምታ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይነቅዝ ጀመር።

በቀሩ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ነው፤ ጠዋት ከአውቶቡስ ስወርድ የሱቃቸው በር ተበርግዷል። ገባሁ። የባለቤታቸው ወንድም መሰላል ላይ ወጥቶ መስታወቱን ከግድግዳው ይፈታል፤ መቀሶቹ፣ ማበጠሪያዎቹ፣ የፀጉር ማሽኑ በጋዜጣ ተጠቅልለው ካርቶን ውስጥ ገብተዋል። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጠው መስታወቱ የነበረበትን ባዶ ግድግዳ ያያሉ። ሱቁን ዘግተው ሌላ ከተማ ያለችው ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው አሉኝ ካርቶኑን የሚያሽጉት ባለቤታቸው፤ መኪናው ሐሙስ ይመጣል። «እሳቸውስ ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅሁ። ባለቤታቸው እጃቸውን ዘረጉ። «ምን ይላል ብለው ነው? እንሂድ ወይ ስለው እንትን። እንቅር ወይ ስለው እንትን። አሁን አሁንማ ነገሩም የሚገባው አይመስለኝ።»

ሰውየው ይህን ሰምተው ዘወር አሉና አዩኝ። እንዴት እንዳዩኝ ልጽፍልሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት። ብቻ ማንም እንዲህ አይይሽ።

ማዕከሉ ከዚያ አሥር ደቂቃ ያስኬዳል፤ በአራት ደቂቃ የደረስኩ ይመስለኛል። ቁልፉ በእጄ አልዞር ብሎኝ መሳቢያውን ታግዬ ከፈትኩት፣ ሰሌዳውን ይዤ ተመለስኩ። ሱቁ ወለል ላይ ተንበረከክሁና ጉልበታቸው ላይ አኖርኩላቸው። እንደ እሷ አደረግሁ። «ቤተሰብ» ነካሁ፣ «መሄድ» ነካሁ፣ «እርስዎስ?» አልኩና ዝም አልኩ። ብዙ የማወራዋ እኔ ዝም አልኩ። ቆጠርኩ። አስር አለፈ፤ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። ወንድምየው ከመሰላሉ ላይ «ተይው፣ አይገባውም» አለ። ያኔ ግራ እጃቸው ተነሳና ሰሌዳውን በጥፊ የመታው ያህል አንዱ ቃል ላይ አረፈ፦ «አይ»። ቀጥሎ «እኔ»። ቀጥሎ «እዚህ»። ቀጥሎ ደግሞ «ሥራ» የሚለውን ፈልገው አገኙና ጣታቸውን ከላዩ ላይ ሳያነሱ ባለቤታቸውን ቀና ብለው አዩ። «እንትን» አሉ። አሁን ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁላችንም ገባን።

ሴትየዋ ካርቶኑ ላይ ተቀመጡ። «እህ፣ የኔ ጌታ፣ እያወቅህ ነበር?» አሉ። ባላቸው «አዎ»ን ነኩ። ደግመው ነኩ።

በዚያ ብወጣ ተመስግኜ እወጣ ነበር። ግን አልቻልኩም። ተነስቼ «እናቴ፣ ያን ቀን ሲጠይቁኝ መልሱን አውቀው ነበር። ሰሌዳው ምላስ አያሰንፍም። በልጅቷ ስለቀናሁ ነው እንዲያ ያልኩዎት» አልኳቸው። ወንድምየው መፍቻውን እንደያዘ ቀረ።  «ሦስት ሳምንት» አሉ ሴትየዋ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ባሌን እንደ ዕቃ ሳሰናዳው። ሐሙስ ብጭነውስ ኖሮ?»  ከዚያ «ነገ ይዤው እመጣለሁ። ወደ እሷ እንጂ ወደ አንቺ አይደለም» አሉኝ። ዶክተሩም እርስዎውም እዚያው ቀረ።

ባለ አስሯን መጋዘኑ ውስጥ ሥዕል ስትቆርጥ አገኘኋት። ሳልቀመጥ ነገርኳት፤ ኮሪደሩን፣ መሳቢያውን፣ ጥፋቱን በራሷ ላይ ስትወስድ ደስ እንዳለኝም ጭምር። ምንም አይደል ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። አላለችኝም። መቀሱን አስቀመጠች። «በእኔ ተናደሽ ከነበር እኔን ብትሰድቢኝ ምን ነበረበት? እኔ አፍ አለኝ፤ እመልስልሽ ነበር። አንቺ ግን የማይመልስልሽን ሰው መረጥሽ» አለችኝ። በዕድሜ ብበልጣትም አቀርቅሬ ሰማኋት። መቀሱን መልሳ አነሳችና «ነገ ጠዋት ያለው ትምህርት ቤተሰብ ሲጠይቅ ምን እንደሚመለስለት ነው። አንቺ ታስተምሪዋለሽ። ያደረግሽውንም ትነግሪያቸዋለሽ» አለች።

እንግዲህ ያ የቋመጥኩለት ቦታ ደረሰኝ፤ ፊት ለፊት፣ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ፣ ጠመኔ በእጄ። ግራጫ ኮቴን አልለበስኩም። «የታማሚው ሚስት ‹ምላሱ አይሰንፍም ወይ?› ብላ ትጠይቃችኋለች» ብዬ ጀመርኩ። እኔ የመለስኩትን ነገርኳቸው፤ ለምን እንደመለስኩትም ነገርኳቸው፤ መኪናው ሐሙስ ይመጣ እንደነበርም ነገርኳቸው።  መጨረሻ ላይ ያ ሽንት ቤት ያደረሱኝ ሽበታም ሰው እጃቸውን አወጡና «እኔም ለአንዲት እናት እንዲያው ብያለሁ። በቅናት አይደለም፤ ባለማወቅ። ልጁ አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው» ብለው ተቀመጡ።  ሥልጠናው ሲያበቃ እናትየዋና ልጁ ቤት እንደሚሄዱ ሰማሁ።

ፀጉር አስተካካዩ አልሄዱም። መስታወቱ ተመልሶ ተሰቅሏል፣ ትንሽ ቢጣመምም። አሁን የሚቆርጠው የባለቤታቸው ወንድም ነው፤ እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው ሰሌዳቸው ላይ «አጭር»፣ «ቀስ»፣ «አይ»፣ «እንደገና» እያሉ ያሠሩታል፤ «አይ»ዋ ከብዛት የተነሳ ቀለሟ ለቋል አሉ። ታብሌትም ተሰጥቷቸዋል፤ ድምፁ የወጣት ድምፅ ስለሆነ ደንበኞቹ ይስቃሉ። ሕክምናቸው ከባለ አስሯ ጋር ነው። የእሷ ክፍል ከእኔ ክፍል በቀጭን ግድግዳ ነው የሚለየው። ሳቃቸው ይሰማኛል። በሰማሁ ቁጥር አሁንም የሆነ ነገር ጎኔን ይወጋኛል፤ ተሻለኝ ብዬ አልዋሽሽም።

ባለፈው ሰኞ ደግሞ አለቃችን ጠራኝ። ሌላ ከተማ ላይ ስድስት ወር የሚቆይ ትልቅ ሥልጠና አለ፣ ከእኛ አንድ ሰው ይሄዳል፤ «አንቺ ነባር ነሽ፣ አንቺ ያልሽውን ነው የምልከው፤ ራስሽም ብትሆኚ አልቃወምም» አለኝ። ስለሆነው ነገር ምንም አያውቅም፤ እሷ አልነገረችውም። እትዬ፣ የራሴ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የእሷን ስም ጠራሁ።  ከቢሮው ወጥቼ የዕቃ ማጠቢያው ክፍል ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ደግ ስለሆንኩ አለቀስኩ ብለሽ እንዳትኮሪብኝ፤ ስለቀናሁ ነው ያለቀስኩት። ግን የእሷን ስም ጠርቻለሁ።

ይኸው ነው የድምፄ ነገር። ፍረጂብኝ፣ ተቆጪኝ፤ ብቻ እንደ ጃንጥላው ዝም አትበይኝ።

በይ እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ መነጽሩን እንግዳ ሳይመጣ እንድታደርገው ንገሪያት። አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ባልሽን፣ ያን ነገር የማያካብደውን ሰው፣ ሰላም በይልኝ። ትልቁ ልጅሽ ፈተናውን ባያልፍም እንኳ ያው እወደዋለሁ፤ ካለፈ ደግሞ ይጻፍልኝ። ትንሿን ወሬኛሽን ዓይኖቿን ሳሚልኝ፤ ወሬዋን አታስቁሟት። አክስታችንን እግራቸው ድረስ ጎንበስ ብለሽ እጅ ንሺልኝ። አንቺን ደግሞ እኔው ራሴ እስክስምሽ ድረስ ማንም አይሳምልኝ፤ በዚህም እቀናለሁ።

ታናሽ እህትሽ

ከማገገሚያ ማዕከሉ ጀርባ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ክፍሌ
መጋቢት ፲፬ ቀን